መነጽር ሠሪው ጆቫኒ ባቲስታ አሚቺ

በባኮና በአካባቢዋ ያደግን ሁላችን በቆሎን ከሕፃንነታችን ጀምረን እናውቀዋለን። እሸቱን ጠብሰን በልተናል፤ የደረቀውን ፈልፍለናል፤ ፍሬው ያለቀበትን ቆረቆንዳ ለማገዶ ሰብስበናል። ይሁን እንጂ ከእሸቱ ጫፍ ላይ እንደ ሐር ክር ተንጠልጥሎ የሚታየው ጠጉር ለምን እንደ ተሠራ ጠይቀን የምናውቅ ጥቂቶች ነን። ከብቶች ይበሉታል፤ ልጆች ይጫወቱበታል፤ ከዚያ በላይ ዋጋ ያለው አይመስልም። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። እያንዳንዱ ጠጉር አንድ ፍሬ ወደሚፀነስበት ቦታ የሚያደርስ መንገድ ነው። በአገዳው ራስ ላይ ካለው የወንዴ አበባ የሚረግፈው ቢጫ ዱቄት ከጠጉሩ ላይ ሲያርፍ፣ ከዱቄቱ ቅንጣት ውስጥ በዓይን የማይታይ ቀጭን ቱቦ ይወጣና በጠጉሩ ውስጥ ለውስጥ ቁልቁል ይጓዛል። ቱቦው ካልደረሰ ፍሬ የለም።

በአበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ቱቦ መኖሩን ከሰው ሁሉ አስቀድሞ ያየው ጣልያናዊው ጆቫኒ ባቲስታ አሚቺ ነው። ስሙ በአጉሊ መነጽር ሥራ ታሪክ ውስጥ እጅግ የታወቀ ነው፤ ለእኛ ለበቆሎ አገር ልጆች ግን ከመነጽሮቹ ይልቅ በመነጽሮቹ ያየው ነገር ይበልጥ ስለሚቀርበን፣ የሕይወቱን ታሪክ በዚሁ በኩል ለመጻፍ መርጠናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሚቺ በማርች 25 ቀን 1786 ዓ.ም. ሞዴና በምትባለው ከተማ ተወለደ። በአገራችን ይህ ጊዜ ዘመነ መሳፍንት ነበር፤ በእርሱም አገር ቢሆን አንድ መንግሥት አልነበረም። ሞዴና ራሷን የቻለች ትንሽ መስፍናዊ ግዛት ነበረች። እኛ ኢትዮጵያውያን ጣልያን የሚለውን ስም ስንሰማ አስቀድሞ ትዝ የሚለን አድዋና የአምስቱ ዓመት ወረራ ነው። አሚቺ ግን ዕድሜውን በሙሉ ያሳለፈው ከዚያ ሁሉ በፊት ነው፤ የኢጣልያ መንግሥት አንድ ሆኖ የታወጀው በ1861 ዓ.ም. ሲሆን፣ እርሱ ከዚያ በኋላ የኖረው ሁለት ዓመት ብቻ ነው።

ወጣቱ አሚቺ በቦሎኛ ተምሮ መሐንዲስ ሆነ፤ ከዚያም ወደ ትውልድ ከተማው ተመልሶ የሒሳብ መምህር ሆነ። አልጀብራና ጂኦሜትሪ እያስተማረ ደመወዙን ይቀበል ነበር እንጂ ልቡ ያለው ሌላ ቦታ ነበር። በቤቱ ውስጥ ትንሽ የሥራ ቦታ አዘጋጅቶ መስተዋት ይሞርድ፣ ብረት ያቀልጥ፣ የሩቅ ማያ መነጽር ይሠራ ነበር። መምህር ሆኖ በእጁ መሥራት በዚያን ጊዜ እንደ ውርደት የሚቆጥሩት ሰዎች ነበሩ። ይህ አስተያየት ዛሬም ከመካከላችን ጨርሶ የጠፋ አይደለም፤ በእኛ አስተያየት ግን አሚቺን ከሌሎች ሊቃውንት የለየው ይኸው የእጅ ሥራው ነው። ሌሎቹ ነጋዴ በሸጠላቸው መነጽር ሲያዩ፣ እርሱ የሚያይበትን ራሱ ይሠራ ነበር። ማየት ያቃተው ነገር ሲገጥመው የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ተመልሶ የተሻለ መነጽር ይሠራል።

በዚያን ጊዜ የነበሩት አጉሊ መነጽሮች አንድ ከባድ ጉድለት ነበረባቸው። ብርሃን በመስተዋት ውስጥ ሲያልፍ እንደ ቀስተ ደመና ወደ ቀለማት ስለሚከፋፈል፣ የሚታየው ነገር ዳርቻው ሁሉ ቀይና ሰማያዊ እየሆነ ይደበዝዝ ነበር። ብዙ ባጎሉት ቁጥር ድብዛዜው ይብሳል። አሚቺ በ1812 ዓ.ም. ገደማ ይህን ችግር በሌላ በኩል ዞረበት። ብርሃኑ በመስተዋት ውስጥ እንዲያልፍ ከማድረግ ይልቅ፣ ከተወለወለ ጎድጓዳ ብረት ላይ ነጥሮ እንዲመለስ አደረገ። ነጥሮ የሚመለስ ብርሃን ወደ ቀለማት አይከፋፈልምና አዲሱ መሣሪያ ከቀድሞዎቹ ይልቅ ጥርት አድርጎ አሳየው።

በዚህ መሣሪያ በመጀመሪያ ካያቸው ነገሮች አንዱ ካራ የሚባለው በረጋ ውኃ ውስጥ የሚበቅል ተክል ነው። በተክሉ ሕዋሳት ውስጥ ያለው ፈሳሽ በአንድ ወገን እየወጣ በሌላው ወገን እየወረደ ያለ ዕረፍት ሲዞር አየ፤ ይህንንም በ1818 ዓ.ም. አሳተመ። ነገሩ ስለ ደነቀው የሚዞር ፈሳሽ በሌሎች ተክሎችም ውስጥ መኖሩን ለማወቅ ቅጠሉንም አበባውንም መመርመር ጀመረ። ያን ጊዜ አበባ እንዴት እንደሚፀንስ የመመርመር ሐሳብ አልነበረውም።

አሚቺ ያየው ነገር ምን ያህል አዲስ እንደ ነበረ ለመረዳት፣ ከእርሱ በፊት ምን ይታወቅ እንደ ነበር ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ተክሎች ወንዴና ሴቴ እንዳላቸው በሙከራ ያሳየው በጀርመን አገር በቱቢንገን ከተማ የነበረው ሐኪም ካሜራሪዩስ ነው። በ1694 ዓ.ም. ካሳተማቸው ሙከራዎች አንዱ በበቆሎ የተደረገ ነው፤ ጠጉሩን ከእሸቱ ላይ አስቀድሞ ቢቆርጠው አንድም ፍሬ ሳይዝ ቀረ። እንግዲህ ዱቄቱ ለፍሬ እንደሚያስፈልግ ታወቀ። ነገር ግን ዱቄቱ የሚያርፈው ከሴቴው አበባ ጫፍ ላይ ነው፤ ፍሬው የሚፀነሰው ደግሞ ከታች፣ በማሕፀኑ ውስጥ ነው። በመካከል ያለውን መንገድ ምን ያልፈዋል? ከካሜራሪዩስ በኋላ ከ120 ዓመት በላይ ሊቃውንቱ የመሰላቸውን ይናገሩ ነበር። አንዳንዱ ዱቄቱ ፈንድቶ ፈሳሹ ወደ ታች ይንጠፈጠፋል አለ፤ አንዳንዱም እንደ ሽታ ያለ የማይዳሰስ ኃይል ይወርዳል አለ። ያየ ግን አልነበረም።

አሚቺ ያን ጊዜ የመረጠው አበባ ታላቅ አበባ አልነበረም። በእርሻ ውስጥና በመንገድ ዳር መሬት ለመሬት ተዘርግቶ የሚበቅል፣ ግንዱ ቀላ ያለ፣ ቅጠሉ ወፍራምና ውኃ የሞላበት፣ አበባው ትንሽና ቢጫ የሆነ ተክል ነው። የሳይንስ ስሙ ፖርቱላካ ኦሌራሲያ ይባላል። በአገራችንም እንደ አረም ይበቅላል፤ በቆሎ ያረመ ሰው ሁሉ ነቅሎ ጥሎታል። የዚህ አበባ የሴቴው ጫፍ በጥቃቅን ጠጉሮች የተሸፈነ ሲሆን፣ በጠጉሮቹም ውስጥ ፈሳሹ ሲዞር ይታያል። አሚቺ ይመለከት የነበረው ይህንኑ ነው። ከጠጉሮቹ በአንዱ ጫፍ ላይ አንዲት የዱቄት ቅንጣት ተጣብቃ ነበር። እርሱ ፈሳሹን እየተመለከተ ሳለ ቅንጣቷ በድንገት ተከፈተችና ከውስጧ ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ ወጣ። ቱቦው በጠጉሩ ጎን ተጠግቶ አደገ፤ በውስጡም ጥቃቅን ነገሮች ከቅንጣቷ ወደ ቱቦው ጫፍ፣ ከጫፉም ወደ ቅንጣቷ ይመላለሱ ነበር።

ሦስት ሰዓት ያህል ከመነጽሩ ሳይነሣ ተመለከተ። በመጨረሻም እነዚያ የሚንቀሳቀሱ ነገሮች ከዓይኑ ጠፉ፤ ወደ ቅንጣቷ ተመልሰው እንደ ሆነ፣ ወደ አበባው ገብተው እንደ ሆነ፣ ወይም ሟሙተው እንደ ሆነ ሊያውቅ አልቻለም። በ1820ዎቹ መጀመሪያ ይህን ሲያሳትም ያላየውን አልጨመረበትም። እኛ ይህን ስናነብ ከግኝቱ እኩል ያስደነቀን ነገር እዚህ ላይ መቆሙ ነው። ቱቦው የት እንደሚደርስ ለመገመት ብዙ ብልኃት አያስፈልግም ነበርና።

ወሬው ፓሪስ ሲደርስ አዶልፍ ብሮኛር የሚባል ወጣት የተክል ሊቅ ምርመራውን በሌሎች ብዙ አበቦች ላይ አደረገ። በ1827 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ ቱቦው በአንድ አበባ ብቻ ሳይሆን በብዙዎቹ መኖሩን አረጋገጠ። ነገር ግን ቱቦው ከሴቴው ጫፍ ብዙም ሳይርቅ ይቀደዳል፤ ከውስጡ የሚወጡት ቅንጣቶች ብቻቸውን ወደ ታች ይወርዳሉ ብሎ ደመደመ። አሚቺ ይህን ለመመርመር ቱቦውን ከላይ እስከ ታች መከታተል ነበረበት፤ ለዚህም የተሻለ መነጽር ያስፈልግ ነበር። እርሱም ባሕርያቸው የተለያየ መስተዋቶችን አንዱ የሌላውን ቀለም እንዲያጠፋ አድርጎ በማጋጠም አዲስ ማይክሮስኮፕ ሠርቶ ነበር። በዚያው በ1827 ዓ.ም. ወደ ፓሪስና ወደ ሎንዶን ይዞት ሄዶ ለሊቃውንቱ አሳያቸው፤ ከዚያ በኋላ የመነጽር ሠሪነት ዝናው በአውሮፓ ሁሉ ተሰማ።

በ1830 ዓ.ም. በፓሪስ ለነበረው የተክል ሊቅ ለሚርቤል በጻፈው ደብዳቤ መልሱን ሰጠ። ቱቦው ከሴቴው ጫፍ አጠገብ አይቀደድም፤ ሳይቋረጥ እያደገ በአበባው አንገት ውስጥ ወርዶ ማሕፀኑ ውስጥ ይገባል፤ እዚያም ገና ዘር ወዳልሆነው ትንሽ የዘር ማኅደር ዘንድ ይደርሳል። ከዚህም በላይ ለአንድ ማኅደር አንድ ቱቦ ይደርሰዋል። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር አንባቢ እንዲያስታውስ እንለምናለን፤ ምክንያቱ የታወቀው ከመቶ ሰባ ዓመት በኋላ ነውና ወደ እርሷ እንመለሳለን።

በ1831 ዓ.ም. የቶስካና ታላቅ መስፍን ዳግማዊ ሊዮፖልድ አሚቺን ወደ ፍሎረንስ ጠርቶ የሰማይ ከዋክብት መመልከቻውን ቤት እንዲያስተዳድር ሾመው። አሚቺ ከዚያ ወዲያ እስከ ዕለተ ሞቱ በፍሎረንስ ኖረ። ሌሊት ከዋክብትን፣ ቀን ተክሎችን ይመለከት ነበር ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። በ1858 ዓ.ም. በስሙ የተጠራውን ታላቅ ጅራታም ኮከብ ያገኘው ዶናቲ በዚያው ቤት ከአሚቺ በታች የሚሠራ ሰው ነበር። ስለ ከዋክብቱ ሥራው ግን ከዚህ በላይ አንሄድም፤ የሚቆየን የአበባው ክርክር ነው።

ክርክሩን ያስነሣው ማትያስ ሽላይደን የሚባለው ጀርመናዊ ነው። ሽላይደን ተራ ሰው አልነበረም፤ ተክሎች ሁሉ ከሕዋሳት የተሠሩ መሆናቸውን በማስተማሩ ስሙ ዛሬም በየባዮሎጂው መጽሐፍ ይገኛል። እርሱም በ1837 ዓ.ም. አዲስ ትምህርት አመጣ። ቱቦው ወደ ዘር ማኅደሩ ከገባ በኋላ ጫፉ ራሱ እየፋፋ ፅንስ ይሆናል አለ። እንዲህ ከሆነ ወንዴ ይባል የነበረው ዱቄት በእውነቱ እንቁላል ነው፤ ሴቴ ይባል የነበረው አካል ደግሞ ዘር የሚዘራበት መሬት እንጂ ከራሱ ምንም የማይሰጥ ነው ማለት ነው።

የተማሪ ክርክር የሚመስለው ሰው ቢኖር እስቲ ወደ በቆሎ ማሳ ይመለስ። የሽላይደን ትምህርት እውነት ቢሆን ልጁ የአባቱ ብቻ ነው። ጥሩ አገዳ ያላትን ተክል መርጦ፣ ጥሩ ፍሬ ከሚይዝ ሌላ ተክል ጋር አዳቅሎ የሁለቱንም መልካም ጠባይ በአንድ ዘር ማግኘት አይቻልም ነበር። ዛሬ ገበሬዎቻችን የሚዘሩት ድቅል ዘር ሁሉ የቆመው ፅንሱ ከእናትም ከአባትም በመሆኑ ላይ ነው።

አሚቺ በ1842 ዓ.ም. የኢጣልያ ሊቃውንት በፓዶቫ ከተማ ባደረጉት ጉባኤ ላይ ተነሥቶ ሽላይደንን ተቃወመ። ፅንሱ ከቱቦው ጫፍ አይደለም፤ በማኅደሩ ውስጥ አስቀድሞ ከነበረ ነገር ነው፤ ቱቦው የሚያመጣው ያንን የሚያፀንስ ፈሳሽ ነው አለ። ሽላይደን ብርቱ ቁጣ የተሞላ መልስ ሰጠ። ብዙዎቹ ወጣት ተመራማሪዎችም ከሽላይደን ጋር ነበሩ፤ እርሱ በታላቅ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ዝነኛ ሊቅ ሲሆን፣ አሚቺ በዓይናቸው መነጽር ሠሪ ነበረ።

አሚቺ በቁጣ አልመለሰም። አራት ዓመት ሠራ። ለምርመራው የመረጠው ኦርኪድ የተባሉትን አበቦች ነው፤ የዘር ማኅደራቸው እጅግ ትንሽና ብርሃን የሚያሳልፍ ስለ ሆነ ሳይቆርጡ ውስጡን ማየት ይቻላል። ከዚህ በኋላ ያደረገው ነገር ቀላል ነው፤ ቀላል ነው ስንል ግን ከእርሱ በፊት ያሰበው አልነበረም። ክርክሩ ፅንሱ ከየት መጣ የሚል ከሆነ፣ ቱቦው ከመድረሱ በፊት በማኅደሩ ውስጥ ምን እንዳለ መመልከት ነው። ዱቄት ካረፈበት ቀን ጀምሮ ማኅደሮቹን በየጊዜው እያየ ቅደም ተከተሉን መዘገበ። ቱቦው ገና በመንገድ ላይ ሳለ በማኅደሩ ውስጥ አንዲት ትንሽ ክብ ነገር ነበረች። ቱቦው መጥቶ አጠገቧ ደረሰ። ከዚያ በኋላ መከፋፈልና ማደግ የጀመረችው እርሷ ናት፤ የቱቦው ጫፍ ግን እንዳለ ቀርቶ ጠፋ። ያች ክብ ነገር ዛሬ እንቁላል ሕዋስ የምንላት ናት። አሚቺ ይህን ከሥዕል ጋር በ1846 ዓ.ም. በጄኖቫ ጉባኤ ላይ አቀረበ።

ይህም ሆኖ ክርክሩ ወዲያው አላበቃም። በ1849 ዓ.ም. ሆፍማይስተር የሚባል ሌላ ጀርመናዊ በብዙ ተክሎች ላይ መርምሮ የአሚቺን ቃል አጸና። በሚቀጥለው ዓመት ግን በአምስተርዳም የሚገኘው የሆላንድ የሳይንስ ተቋም የሽላይደንን ትምህርት ለደገፈው ለሻኽት ጽሑፍ ሽልማት ሰጠ! ሐሰቱ ተሸለመ፤ እውነቱ ቆመ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር የሚያስደስት ነው፤ በ1856 ዓ.ም. ሽላይደን ራሱ ሐሳቡን መተዉ ተሰማ፤ ሻኽትም በዚያው ጊዜ ገደማ መሳሳቱን አመነ። አሚቺ ያን ጊዜ የ70 ዓመት ሽማግሌ ነበረ።

በሽምግልናውም ሥራውን አልተወም። በመነጽሩና በሚታየው ነገር መካከል የውኃ ጠብታ በማድረግ፣ በአየር ውስጥ ተጣሞ ይጠፋ የነበረውን ብርሃን ወደ መነጽሩ የሚያስገባ መሣሪያ ሠርቶ በ1855 ዓ.ም. በፓሪስ ታላቅ ትርኢት ላይ አቀረበ። ዛሬ በላቦራቶሪ ውስጥ ባክቴርያ ለማየት በመስተዋቱ ላይ የዘይት ጠብታ የሚደረገው ከዚሁ ሐሳብ የመጣ ነው። ጆቫኒ ባቲስታ አሚቺ በኤፕሪል 10 ቀን 1863 ዓ.ም. በ77 ዓመቱ በፍሎረንስ አረፈ። በኢትዮጵያ ዐፄ ቴዎድሮስ ነግሠው ነበር። ከሠራቸው መሣሪያዎች ብዙዎቹ በፍሎረንስ በሚገኘው የጋሊሌኦ ቤተ መዘክር ተቀምጠዋል፤ ከእኛ ወገን በማይታየው የጨረቃ ፊት ላይ ያለ አንድ ጉድጓድም በስሙ ተጠርቷል።

አሚቺ ቱቦው እንደሚደርስ አሳየ። እንዴት መንገዱን እንደሚያውቅ ግን ሳይታወቅ ቀረ። ቱቦው ዓይን የለውም፤ የሚመራውም ሰው የለም። በጨለማ ተጉዞ ከብዙ ማኅደሮች መካከል ገና ያልተያዘውን መርጦ እንዴት ይገባል? ይህን ለማወቅ አስቀድሞ ቱቦው ምን እንደሚሸከም ማወቅ ያስፈልግ ነበር። በ1884 ዓ.ም. ሽትራስቡርገር ከቱቦው የሚወጣው የወንዴ ኒውክሊየስ ከእንቁላሉ ጋር እንደሚዋሐድ አየ። በ1898 ዓ.ም. ደግሞ ሩሲያዊው ናቫሺን ቱቦው የሚያመጣው አንድ ሳይሆን ሁለት የወንዴ ሕዋስ መሆኑንና ሁለቱም ሥራ እንዳላቸው አሳየ፤ አንዱ እንቁላሉን አፀንሶ ፅንስ ያደርጋል፤ ሁለተኛው ከሌላ ሕዋስ ጋር ተዋሕዶ የፅንሱን ስንቅ ያበቅላል። እኛ የምንበላው የበቆሎ ዱቄት በአብዛኛው ይህ ስንቅ ነው። በነጭ በቆሎ አጠገብ ቢጫ በቆሎ የተዘራ እንደ ሆነ በነጩ ራስ ላይ ጣልቃ ጣልቃ ቢጫ ፍሬ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው፤ የጎረቤቱ ቱቦ ደርሶ ስንቁን አቅልሞታል።

የመንገዱ ምስጢር የተገለጠው በእኛ ዘመን መባቻ ነው። በ2001 ዓ.ም. ሂጋሺያማ የተባለው ጃፓናዊና ባልደረቦቹ ቶሬኒያ በምትባል አበባ ላይ ሠሩ። የቶሬኒያ እንቁላል ያለበት ክፍል ከማኅደሩ ወደ ውጭ ብቅ ያለ ስለ ሆነ፣ ሕይወቱ ሳይጠፋ በማይክሮስኮፕ ይታያል። አሚቺ ኦርኪድን እንደ መረጠ፣ እነርሱም በግልጽ የሚታየውን መረጡ። ከዚያ በጨረር ሕዋሶቹን አንድ በአንድ እየገደሉ ቱቦው ይመጣ እንደ ሆነ ተመለከቱ። እንቁላሉን ገደሉት፤ ቱቦው መጣ። ከእንቁላሉ ጎን ሁለት ረዳት ሕዋሳት አሉ፤ ከእነርሱ አንዱን ሲገድሉ ብዙዎቹ ቱቦዎች አሁንም መጡ። ሁለቱንም ሲገድሉ ግን አንድም አልመጣም። እንግዲህ የሚጣሩት ረዳቶቹ ናቸው። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ጥሪው ራሱ ምን እንደ ሆነ ታወቀ፤ ረዳቶቹ የሚያፈልቋቸው ትንንሽ ፕሮቲኖች ናቸው። በቱቦው ጫፍ ላይ ይህን ጥሪ የሚቀበሉ ሌሎች ፕሮቲኖች አሉ፤ ጥሪው ከመጣበት ወገን ቱቦው ይታጠፋል። የሚያድገው በጫፉ ብቻ ነውና ጫፉ ላይ የሚሰበሰበው ካልሲየም አዲሱ ግድግዳ በየት በኩል እንደሚሠራ ይወስናል። ከበስተኋላው ያለውን ባዶ ክፍል በየመካከሉ እየደፈነ ሕይወቱን ሁሉ ወደ ፊት ይዞ ይሄዳል።

አሁን አንባቢ እንዲያስታውስ ወደ ለመንነው ነገር እንመለስ። ለአንድ ማኅደር አንድ ቱቦ የሚደርሰው ለምንድን ነው? ቱቦው ከአንዱ ረዳት ሕዋስ ውስጥ ሲገባ ፈንድቶ ሁለቱን የወንዴ ሕዋሳት ይለቅቃል፤ ረዳቱም አብሮ ይሞታል። ፅንስ ከተያዘ በኋላ ሁለተኛውም ረዳት ሥራውን ያቆማል። ጥሪው ዝም ይላል፤ ሌሎቹ ቱቦዎች የሚሰሙት ድምፅ የለምና ወደ ሌላ ያልፋሉ። አሚቺ በ1830 ዓ.ም. ያየው ይህንኑ ዝምታ ነበር።

በበቆሎም ተመሳሳይ ጥሪ መኖሩ በ2005 ዓ.ም. ታውቋል። እንቁላሉና ረዳቶቹ የሚሠሩት አንድ ትንሽ ፕሮቲን ሲቀነስ ቱቦዎቹ ማኅደሩ አጠገብ ደርሰው መግቢያውን ያጣሉ፤ ፍሬውም ያንሳል። የበቆሎ ቱቦ ጉዞ ደግሞ ከብዙዎቹ ይረዝማል። የዱቄቱ ቅንጣት ስፋት የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ሲሆን፣ ጠጉሩ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ሊረዝም ይችላል። ቅንጣቷ ከራሷ ሦስት ሺህ ጊዜ የሚበልጠውን መንገድ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን ያህል ትጨርሰዋለች።

በባኮ የሚገኘው የእርሻ ምርምር ማዕከል የአገሪቱ የበቆሎ ምርምር ዋና ቦታ ነው። በ1993 ዓ.ም. የወጣውና በገበሬው ዘንድ እጅግ የታወቀው ቢ.ኤች. 660 የተባለው ዘር ስሙን ያገኘው ከባኮ ነው፤ የመጀመሪያው ፊደል ባኮ፣ ሁለተኛው ድቅል ማለት ነው። ድቅል ዘር ሲባዛ እናት እንዲሆኑ በተመረጡት መስመሮች ላይ ያለው የወንዴ አበባ ዱቄቱን ሳያራግፍ በእጅ ይነቀላል፤ ማሳውም ከሌላ በቆሎ ይራቃል። ይህ ሁሉ ድካም በጠጉሩ ውስጥ የሚወርደው ቱቦ የተመረጠው አባት ቱቦ እንዲሆን ነው።

ገበሬውን የሚጎዳውም ነገር በዚሁ በቱቦው ጉዞ ላይ ይደርሳል። ዝናብ በአበባ ጊዜ ሲቋረጥ የሴቴው ጠጉር ከወንዴው አበባ ይዘገያል። ዱቄቱ በሙቀት ጥቂት ሰዓት ብቻ ስለሚኖር፣ ጠጉሩ ሲወጣ የሚጠብቀው አያገኝም፤ ያገኘውም ደርቆ ቱቦውን ማሳለፍ ያቅተዋል። በመከር ጊዜ ጥርሱ እንደ ረገፈ ሽማግሌ ድድ ባዶ ባዶ የሆነ የበቆሎ ራስ የምናየው በዚህ ምክንያት ነው። አገዳው መልካም ነው፤ ቅጠሉ አረንጓዴ ነው፤ ፍሬው ግን የለም።

ይህን ለማየት እንደ አሚቺ ያለ መነጽር አያስፈልግም። ዱቄቱ ማራገፍ ከጀመረ ከጥቂት ቀን በኋላ አንድ እሸት ቆርጦ፣ ሽፋኑን ከታች ጀምሮ ጠጉሩን ሳይነኩ ቀስ ብሎ ገልጦ፣ እሸቱን በእጅ ይዞ ማራገፍ ነው። ቱቦው የደረሰለት ፍሬ ጠጉሩን ይለቅቃል፤ ጠጉሩም መሬት ይወድቃል። ያልደረሰለት ግን ጠጉሩን ይዞ ይቀራል።